ግብር ይቀነስ ስንል ዕዳውስ? (ከደሴ ግብር ወረፋ መልስ)

ብትን ጨርቅ ሸዋበር
ጥቅምት 2018፣ ማታ 2:15

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም እንደየእምነታችሁ። ዛሬ ግብር ከፍዬ መምጣቴ ነው፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው። ደሴ ሸዋ በር ሦስት በአራት የምትሆን ሱቅ አለችኝ፣ ብትን ጨርቅና ሻርፕ እሸጣለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ሲስተም የለም፣ ሲስተም መጣ፣ ሲስተም ሄደ ሲባል ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ የተነገረኝን ቁጥር ስሰማ ለልጅቷ ደግመሽ እይልኝ እስቲ አልኳት፣ ደግማ አይታ ያንኑ ነገረችኝ። ትርፍ ያሉትን እኔ በዓይኔ አላየሁትም ወላሂ።

የኔ ሀሳብ አጭር ነው። ግብር በግማሽ ይቀነስ። ሰው እጁ ላይ ብር ሲቀር ይገዛል፣ ሲገዛ እኔ እሸጣለሁ፣ ስሸጥ አንድ ልጅ እቀጥራለሁ፣ እሱም ደሞዝ አግኝቶ ይገዛል። ሀገሪቱ ዕዳ አለባት ይላሉ። እኔ አልተበደርኩም! የተበደረው ይክፈል። ያልበላሁትን ዕዳ ለምን እኔ በሻርፕ ትርፍ እከፍላለሁ? እስቲ አስተያየት ስጡበት።

ለገሂዳ

ጀዛከላህ። አንጀቴን ነው ያራስከው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔ የምኖረው በናንተ ንዴት ነው በየጥቅምቱ ሃሃሃ። ግን ግብር ይቀነስ የሚለውን እስቲ በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም ቅነሳ የተባለው ነገር ደሞዝተኛው ላይ ሐምሌ 2017 ተደርጎ አይተነዋል።

ከግብር ነጻ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ወጣ። 35 ከመቶ የሚጀምርበት ደግሞ ከ10,900 ወደ 14,000። ካልኩሌተር አውጡ። 11,500 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው 2,525 ብር ነበር የሚቆረጥበት፣ በአዲሱ 2,100። የተረፈው 425 ብር ነው። ከ14,000 በላይ የሆነ ሁሉ ደግሞ 20 ሺህም ይሁን 200 ሺህ የተቀነሰለት 550 ብር ብቻ ነው፣ ከዛ አያልፍም። በቃ ቅነሳው ይቺ ናት።

መምህር ከሐይቅ

ያቺን 425 ብር ካገኙት አንዱ እኔ ነኝ። የት እንደገባች ልንገራችሁ? ሚስቴ ዘይትና ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ዘይቱን ይዛ ተመለሰች፣ ሽንኩርቱ ቀረ። እና ነጋዴው ወንድማችን ሰው እጅ ላይ ብር ሲቀር ሻርፕ ይገዛል ያልከው እኛ ቤት አልሠራም፣ ይቅርታ።

ብትን ጨርቅ ሸዋበር

እኮ! ትንሽ ስለቀነሱ ነው ያልሠራው። 425 ብር ቅነሳ ነው እንዴ? እኔ ግማሽ ነው ያልኩት ግማሽ። ጉርሻ ሰጥቶ ገበታ አቀረብኩ ማለት አይሆንም።

ጡረታ ላይ ያለው

ልጆቼ ሰላም ናችሁ። እኔ እንግዲህ ወረዳ ፋይናንስ 27 ዓመት ሠርቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጽሑፌ ይረዝማል ታገሡኝ።

መንግሥት ብር የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ይመስላችኋል እንጂ ጥቂት ነው። ከእኛ በግብር ይወስዳል፣ ከውጭ በዶላር ይበደራል፣ እዚሁ ከባንኮች በግምጃ ቤት ሰነድና በቦንድ ይበደራል፣ ይሄ ሁሉ ካልበቃው ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይወስዳል፣ እሱ ብር ማተም ማለት ነው በአጭሩ። ግብሩን ቀንሰህ ወጪውን ካልቀነስክ ከቀሩት ሦስቱ አንዱን ትነካለህ፣ ሌላ ጓዳ የለም። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፣ የ2017ቱ መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ነበር። እጥፍ። ወጪው እጥፍ ሆኖ ግብሩ ግማሽ ይሁን ካልክ መሀል ላይ ያለውን ማን ይሞላዋል ነው ጥያቄው።

አንተው ባለፈው ሌላ ክር ላይ ባንክ ብድር ከለከለኝ ብለህ ጽፈህ ነበር አይደል ልጄ? ከ2015 ጀምሮ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 ከመቶ የሚሆነውን ለመንግሥት ቦንድ መግዣ እንዲያውሉ ተገደው ነበር፣ የተነሳው ገና በቅርቡ ነው። ያንተን ብድር አሁንም አሁንም የከለከለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር። ግብር አልከፈልክበትም፣ ግን ከፈልክበት።

ብትን ጨርቅ ሸዋበር

ጋሼ ለእርስዎ አክብሮት አለኝ ግን ወጪው እጥፍ የሆነው ማን ፈቅዶለት ነው? እኔ የማልለው ወጪው ይቀጥል ነው እኮ። ወጪውም ይቀነስ! እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው እሱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከበራችን ፊት ለፊት ግን መንገድ ዳር መብራትና ድንጋይ ሲነጠፍ ይውላል። መብራቱ ያምራል አልክድም፣ በመብራቱ ነው ውሃ የምንቀዳው።

ለገሂዳ

በመብራቱ ነው ውሃ የምንቀዳው 😂😂 ይቺን ልሰርቃት ነው

ሀዲድ ሠራተኛ ነበርኩ

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር ግን ዕዳ ሲባል አልቻልኩም። እኔ የአዋሽ ኮምቦልቻ ሃራ ገበያ ባቡር ላይ ሠርቻለሁ፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የሠራው ማለት ነው። 392 ኪሎ ሜትር፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ብሩ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና ከአውሮፓ ባንኮች በብድር የመጣ ነው። ሥራው በ2007 ሲጀመር ኮምቦልቻ ላይ ክፍል ቤት ያላት ሴት ሁሉ ንግሥት ሆነች፣ እኔ ራሴ በዛ ደሞዝ ሁለት እህቶቼን ኮሌጅ አስጨርሻለሁ። ስለዚህ ብድር መጥፎ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ግን እስቲ አሁን ሂዱና ጣቢያውን እዩት። የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፣ ሀዲዱ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ተነጥፎ ሲያልቅ የሚነዳበት ኃይል በጊዜው አልደረሰለትም፣ ከዛ በ2014 ጦርነቱ መጣ፣ የተዘረፈው ተዘረፈ። እስካሁን መደበኛ ተሳፋሪም ጭነትም አልጫነም። ባለፈው ለቅሶ ስሄድ ሀዲዱ ላይ አምስት ፍየሎች ተኝተው ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ፣ ብረቱ ይሞቃል መሰለኝ። በዶላር የተሞቀ ፀሐይ አልኩ በሆዴ።

ብድር ሲወሰድ የሚታሰበው ባቡሩ ይጭናል፣ ሲጭን ይከፍላል ተብሎ ነበር። ባቡሩ ሳይጭን የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። ታዲያ ማን ይክፈል? ያው እኛው ነና።

ብትን ጨርቅ ሸዋበር

እኔ የምለውን ነው እኮ ያልከው! ብድሩን እንዲህ ካደረጉት ግብሬን ለምን እሰጣቸዋለሁ?

ሀዲድ ሠራተኛ ነበርኩ

አይ እኔ ያልኩት ሌላ ነው። አንተ ግብር ባትሰጥም ዕዳው አይጠፋም። አበዳሪው ሸዋ በር መጥቶ ከፍለሃል አልከፈልክም አይልም፣ መንግሥትን ነው የሚይዘው፣ መንግሥት ደግሞ አንተን በሌላ በር ይመጣብሃል።

የወረኢሉ ልጅ (ዲሲ)

ወሎዬዎች ሰላም። እዚህ አሜሪካም ይሄው ጭቅጭቅ ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ነጋዴው ወንድማችን ያለው ነገር፣ ግብር ቀንስ ኢኮኖሚው ያድግና ቅናሹ ራሱን ይከፍላል የሚለው፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 በፈረንጆቹ የመጣበት ሀሳብ ነው። ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ70 ከመቶ መጀመሪያ ወደ 50 ከዛ ወደ 28 አወረደው። ኢኮኖሚው አላደገም አልልም፣ አድጓል። ግን ወጪው በተለይ የጦሩ አልቀነሰም፣ ሲገባ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በታች የነበረው የመንግሥት ዕዳ ሲወጣ ወደ 2.7 ትሪሊዮን ደርሶ ነበር። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2025 ትራምፕ የፈረመው የግብር ሕግም በአስር ዓመት የበጀት ጉድለቱን 3.4 ትሪሊዮን ዶላር ይጨምራል ብሎ የምክር ቤታቸው የበጀት ቢሮ ራሱ ገምቷል። እንግሊዝ ደግሞ በ2022 ሊዝ ትረስ የምትባለዋ ጠቅላይ ሚኒስትር 45 ቢሊዮን ፓውንድ ግብር ልቀንስ ነው፣ ብሩ ከየት ይመጣል ስትባል መልስ የለም፣ ገበያው ተንቀጠቀጠና ሥልጣኗ ሁለት ወር ሳይሞላ ሄደች።

እኛ ጋ ግን የባሰው ምንድነው መሰላችሁ፣ አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ የውጭውን የምትበደረው በዶላር ነው፣ ግብር የምትሰበስበው በብር። በ2007 የተሸጠውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ውሰዱ፣ ወለዱ 6.625 ከመቶ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቅቶን ዓለም ጉድ አለ። ያኔ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ስለነበር 33 ሚሊዮኑ 1.9 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ተባለ፣ ከዛ ወዲህ በ140 ብር ብታስቡት ያው 33 ሚሊዮን 4.6 ቢሊዮን ብር ይሆናል። አንድ ዶላር ሳትጨምር ዕዳህ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

መምህር ከሐይቅ

ዲሲ ሆኖ ብሩ ይዳከም ያለውም የናንተ ወገን ነው፣ መቶ ዶላር ስትልኩ ብዙ ብር ስለሚሆን 😏

የወረኢሉ ልጅ (ዲሲ)

መምህር እናቴ ጋ የምልከው መቶ ዶላር ድሮ የሚገዛውን ጤፍ ዛሬ አይገዛም፣ ራሷ ናት የነገረችኝ። ደሞ እኔ ይዳከም አላልኩም፣ የቅድሙን ኮሜንት ድጋሚ አንብበው።

አወያይ

በግል መነካካት ይቅር። የፖለቲካ ፓርቲ ስም ያለበት አንድ ኮሜንት አጥፍቻለሁ። ቀጥሉ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (ኮምቦልቻ)

ዶላሩ ከተነሳ አይቀር፣ ማንም ያላስተዋለው አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው የግብር ሠንጠረዥ የወጣው በ2008 ነው፣ ያኔ ዶላር 21 ብር ከምናምን ነበር። 35 ከመቶ የሚከፍለው ከ10,900 ብር በላይ የሚያገኝ ነበር፣ ወደ 500 ዶላር ማለት ነው፣ ያኔ 10,900 ብር የሚያገኝ ሰው ደሴ ውስጥ በጣት ይቆጠር ነበር፣ ሥራ አስኪያጅ ምናምን። አሁን 14,000 ብር ስንት ዶላር ነው? 100 ዶላር ቢሆን ነው። ስለዚህ ቀነሱልን የምንለው ሠንጠረዥ በርግጥ ከድሮው ይበልጥ ከበድ ያለ ነው። ማንም ግብር ጨመርኩ ሳይል፣ አዋጅ ሳይወጣ፣ የብሩ መርከስ ብቻውን ተራውን ደሞዝተኛ የሥራ አስኪያጅ ግብር ከፋይ አደረገው።

እና ግብር ይቀነስ ከተባለ እኔ የማወጣው ሠንጠረዡ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ ከፍ ይበል የሚል ነው። ግማሽ ይቀነስ አልልም። ያው ወጪ አለ።

ባቲ ሰኞ ገበያ

እኔ ፊደል የማነበው በልጄ ነው፣ እሷ ናት የምትጽፍልኝ እኔ እየነገርኳት። በርበሬና ቅመም ነው ባቲ ሰኞ ሰኞ የምሸጠው። ግብር የሚባለውን ለቦታዋ ትንሽ እከፍላለሁ እንጂ እንደናንተ ሂሳብ ምናምን የለኝም።

ለትልቋ ልጄ ሰርግ ብዬ ብር በሳጥን አስቀምጬ ነበር፣ አምባርና ቀለበት ልገዛላት። ወርቅ ቤት ሄጄ ጠይቄ ይበቃል ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰርጉ በሐዘን ምክንያት ዓመት ተላለፈ። ዓመቱ አልፎ ያንኑ ብር ይዤ ስሄድ ለቀለበቷ ብቻ በቃ። አምባሬን ማን ወሰደው? ሌባ አልገባ፣ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ልጄ እማ እሱ ነው ግብር ማለት ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ለግብር ደረሰኝ ይሰጣሉ አልኳት።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (ኮምቦልቻ)

እትዬ ❤️ ይሄን ነገር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እንዲህ አላስረዱኝም።

ጡረታ ላይ ያለው

የባቲዋ እህቴ የተናገሩት ነው የኔ ነጥብ። ብር ሲታተም የሚከፍለው ቲን ነምበር የሌለው ሰው ነው፣ በሳጥን ያስቀመጠው። ሀብታሙ መሬትና ሲሚንቶ ገዝቶ አምልጧል። አሁን ከዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር በ2016 ሐምሌ የተፈረመው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ይሄን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መውሰድ አቁሙ፣ ግብሩን ሰብስቡ ብሏል፣ ስለዚህ ነው ዘንድሮ ግብር ሰብሳቢው እንዲህ የጠነከረባችሁ። ደስ አይልም፣ እኔም አይኤምኤፍን የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንደኛውን በር ሲዘጉ ግፊቱ በሌላኛው ይመጣል።

ደግሞ ግብሩ በዛ ስንል፣ ሀገሪቱ በጠቅላላ የምትሰበስበው ግብር ከምርቷ 7 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ከአስር ዓመት በፊት ወደ 12 ከመቶ ነበር። ኬንያ የዚህን እጥፍ ገደማ ትሰበስባለች። እንዴት ነው ታዲያ አንተን አንገትህን የያዘህ? ምክንያቱም የሚከፍለው የሚታየው ነው። ሱቅ ያለው፣ ደሞዙ በባንክ የሚገባው። በሌሊት በበረሃ ጭነት የሚያስገባው አይታይም። ትልልቁም እፎይታ ተሰጥቶት አይከፍልም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ የሚገባው ባለሀብት ለዓመታት ከገቢ ግብር ነጻ ነው ተብሎ ነበር፣ እንግዲህ አንተ የምትመኘው የግብር ቅነሳ ማለት እሱ ነው፣ ግማሽም አይደለ ሙሉው የቀረ። ውጤቱን የወሰነው ግን ግብሩ አልነበረም። በ2014 ጦርነቱ ከተማውን ሲመታ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚላክበት አጎዋ ሲቋረጥ፣ ዜሮ ግብር ማንንም አላዳነም።

ወጪ ይቀነስ ያልከው ላይ እስማማለሁ፣ ግን ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ። ወጪ ቀንሱ የሚል ደብዳቤ ወረዳ ሲደርስ ደሞዝ አይነካም፣ አብዛኛው በጀት ደግሞ ደሞዝ ነው። የተጀመረ ግንብም አይነካም ምክንያቱም ይታያል፣ ይመረቃል። የሚነካው ሥራ ማስኬጃ ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ጄኔሬተር አንዲት ኢንጀክተር ተበላሽታ አምስት ወር ቆሞ አይቻለሁ፣ የመለዋወጫ በጀት ተቀንሷልና። ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ወርደው ከወንዝ ይቀዱ ነበር። በደብዳቤው ላይ ቁጠባ ነው የሚለው። እና ወጪ ይቀነስ ስትሉ የቱ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ አለበለዚያ የሚቀነሰው ሁልጊዜ ኢንጀክተሯ ናት።

መምህር ከሐይቅ

ጋሼ እስማማለሁ ግን አንድ ነገር አዳልተዋል። ግብር ከፋዩ ሲጮህም እኮ ይሰማል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ብለው ለትናንሽ ነጋዴ ሲገምቱ ስንት ከተማ ሱቅ ዘጋ። ኬንያ በ2016 ሰኔ ወጣቱ ወጥቶ የፋይናንስ ሕጉን አስጥሏል፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ቢሆንም። ዕዳ አለብኝ ብሎ ግብር የጨመረ መንግሥት መጀመሪያ የራሱን ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ቢያሳይ ሰው ይታገሥ ነበር። እኔ 425 ብሯን ልመልስ ዝግጁ ነኝ፣ የተማሪዎቼን ወንበር ልየው ብቻ። አራት ልጅ በአንድ ዴስክ ነው የማስተምረው።

ሀዲድ ሠራተኛ ነበርኩ

መምህር ልክ ነው። እኔም ባቡሩ ቢንቀሳቀስ ግብሬን እየዘፈንኩ እከፍል ነበር።

ባይ ዘ ዌይ ካበደሩን መንግሥታት ጋር በቅርቡ ወደ 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ ላይ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ተፈራርመዋል፣ ፈረንሳይና ቻይና ናቸው ኮሚቴውን የሚመሩት። 2.5 ቢሊዮን ዶላር እፎይታ ተባለ። ተራዘመ ማለት ግን ተሰረዘ አይደለም፣ አንዳንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ዕዳው ቀረ እያለ ሲጨፍር አየሁ።

ለገሂዳ

እኔ ነበርኩ የጨፈርኩት 🙈

ብትን ጨርቅ ሸዋበር

እሺ አንድ ነገር ልመን። የተበደረው ይክፈል ያልኩት የንዴት ነው፣ የተበደረውና ያባከነው የት ተገኝቶ ይከፍላል። የባቲዋ እናቴ አምባር ደግሞ ከምሽት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ እኔም ዕቃዬን በዶላር ጭማሪ ስሰቅል ከሳጥኗ ከወሰዱት አንዱ ነኝ መሰለኝ።

ግን ግማሽ ይቀነስ የሚለው ቢቀር እንኳ የኔ ግብር አልተመጣጠነም የሚለው አይቀርም። እኔን የገረመኝ ትርፍ ያሉት ነው። ጨርቁን የማመጣው ከመርካቶ ነው፣ ከምገዛው ግማሹ ያለ ደረሰኝ ነው፣ ደረሰኝ ስጠኝ ስለው በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው ይለኛል። እኔ ስሸጥ ግን በማሽን ነው፣ እያንዳንዷ ትመዘገባለች። ስለዚህ ግዢዬ የለም፣ ሽያጬ አለ፣ ሁሉም ትርፍ ሆነብኝ። ይሄን ጋሼ ምን ይሉታል?

ጡረታ ላይ ያለው

ይሄንማ የመርካቶው ሰውዬ ግብር ነው እላለሁ። የሱን ግብር ነው አንተ የከፈልክለት። ቅድም የሚታየው ይከፍላል ያልኩህ ይሄው ነው በቃ፣ ግብር ይቀነስልኝ ከማለትህ በፊት የሱን አትክፈልለት።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ቆይ፣ ከመክፈልህ በፊት ሂሳብህን ማን ሠራልህ? ደረሰኝ ያለውስ ግማሽ በሙሉ ተይዞልሃል? ሰው ሁሉ ደረሰኙን በፌስታል ነው የሚያስቀምጠው፣ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል፣ የማሽን ወረቀት ነዋ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሙሉ ፌስታል ነጭ ወረቀት አመጣልኝ፣ ጋቢና ላይ ፀሐይ መትቶት።

ብትን ጨርቅ ሸዋበር

...ፌስታል ነው። ሱቅ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (ኮምቦልቻ)

ያ ረቢ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘኸው ውረድ፣ የሚነበበውን እንለይ። ያልተያዘ ካለ ቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ሳያልፍ እናስገባለን። የማይነበበውን አትጣለው፣ ፎቶ አንስተን ስልክ ላይ ስናጠቁረው የሚወጣ ቁጥር አለ።

ለገሂዳ

እኔም ፌስታል አለኝ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት?